የአክስቴ ጠርሙሶች፦ ሙጫ የሚያስለቅቅ የብርቱካን ልጣጭ ስለ ሕይወት አጀማመር ምን ይነግረናል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በመኪና የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ፣ ከዚያ መርሳ። በዚህ በሀብሩ በኩል በወቅቱ ብርቱካን አይጠፋም። ለገና አክስቴ ዘንድ ውርጌሳ ነበርኩ። አክስቴ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አትጥልም፤ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ታስቀምጥበታለች። የዚያን ቀን ስድስት ጠርሙስ ሰጥታኝ «እስኪ እንቺ፣ እጠቢልኝ» አለች።

ወረቀቱ በሙቅ ውሃ ተላቀቀ። ከሥሩ የቀረው ሙጫ ግን ወይ ፍንክች! በጥፍር ፋቅሁ፣ በሳሙና ፈተግሁ፣ በአመድ ሞከርኩ። እየባሰበት ሄዶ አቧራውንም የእጄንም ቆሻሻ ሰብስቦ ጠቆረ። በመጨረሻ ከጎረቤት ትንሽ ቤንዚን በኩባያ ለምኜ መጣሁ። ጓዳ ስገባ አክስቴ ጮኸች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ከሰሉ እኮ እየነደደ ነው!»

እውነቷን ነው። ቡና እየተፈላ ነበር። የምህንድስና ተማሪ ነኝ ብዬ የምመጻደቀው እኔ፣ ቤንዚን በኩባያ ይዤ እሳት ወዳለበት ጓዳ ገባሁ። ኩባያውን ወደ ውጭ አስወጣችኝና የበላነውን የብርቱካን ልጣጭ አንስታ፣ የውጪውን ፊት ሙጫው ላይ እየጨመቀች አሸችው። «አሁን ተዪው፣ ቡናሽን ጠጪ» አለችኝ። አንደኛውን ጠጥተን ስንመለስ ሙጫው እንደ ገንፎ ለስልሶ በጨርቅ ተጠርጎ ወጣ።

ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚያ ልጣጭ ነው። የሚደርሰው ግን ሩቅ ነው፤ የዛሬ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ላይ የመጀመሪያው ሕይወት ያለው ነገር እንዴት ሊጀምር ቻለ እስከሚለው ጥያቄ። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ቀላል ሕግ ነው፤ ዘይትና ውሃ አይስማሙም።

ስቲከር ለምን ይጣበቃል?

የስቲከር ሙጫ ከሌላው ሙጫ ይለያል። የእንጨት ሙጫ ሲደርቅ ይጠነክራል። የስቲከር ሙጫ ግን በጭራሽ አይደርቅም። በጣም ወፍራም ፈሳሽና በጣም ለስላሳ ጎማ መካከል ያለ ነገር ነው። ስትጫኑት እንደ ፈሳሽ ፈስሶ የጠርሙሱን ጥቃቅን ጎድጓዳ ሁሉ ይሞላል። ስትጎትቱት ደግሞ እንደ ጎማ ተለጥጦ አልላቀቅም ይላል። በዚህ አሠራር የሚለጠፍ ታዋቂ ፕላስተር የሠራው አሜሪካዊው ሪቻርድ ድሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ለመኪና ቀለም ቀቢዎች።

ወደ ውስጡ ብንገባ ሙጫው በጣም ረጃጅም ሞለኪውሎች የተጠላለፉበት ነገር ነው። በሳህን ላይ የተደፋ ፓስታ አስቡ። አንዱን ስትጎትቱ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሞለኪውሎች ከጎማ ወይም አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ሙጫውን ከመስተዋቱ ጋር የያዘው ኃይልም የተለየ አስማት አይደለም። ሁለት ነገሮች እጅግ ሲቀራረቡ በሞለኪውሎቻቸው መካከል የሚፈጠር ደካማ መሳሳብ ነው። እያንዳንዱ ደካማ ነው፤ ግን ብዛታቸው በቢሊዮን ይቆጠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

ውሃ ለምን አቃተው?

የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው። ኦክስጅኑ በኩል በመጠኑ ነጌቲቭ፣ ሃይድሮጅኑ በኩል በመጠኑ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ነጌቲቭ። ስኳርና ጨው ደግሞ የራሳቸው ነጌቲቭና ፖዘቲቭ ስላላቸው ውሃ መካከል ይገባሉ፤ ይሟሟሉ።

ዘይት፣ ጎማና የስቲከር ሙጫ ግን በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው። ይህን ያህል የጎላ ነጌቲቭና ፖዘቲቭ የላቸውም። ውሃው እነሱን ለማስገባት የራሱን እጅ ለእጅ መያያዝ መፍታት አለበት፤ በምትኩ የሚያገኘው ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ አያስገባቸውም። ዘይት ውሃን «ይጠላል» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነቱ ግን ውሃው የራሱን ጓደኞች መልቀቅ አለመፈለጉ ነው። ውጤቱ ዘይቱ ለብቻው ተገፍቶ መሰብሰቡ ነው። ይህን «ተገፍቶ መሰብሰብ» ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ልጣጩ ውስጥ ያለው ማን ነው?

የብርቱካን ልጣጭ ላይ የምታዩአቸው ነጠብጣቦች የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ልጣጩን ስታጥፉት ፍልጥ ብሎ የሚረጨው ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን የሚባል ሞለኪውል ነው። 10 ካርቦን፣ 16 ሃይድሮጅን፣ ሌላ ምንም የለውም። ማለትም ከሙጫው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ግን ሙጫው በሺህ የሚቆጠር አቶም የተቀጣጠለበት ረጅም ገመድ ሲሆን፣ ሊሞኒን ትንሽና ፈጣን ነው። በተጠላለፈው ፓስታ መካከል ሾልኮ ይገባል፣ ገመዶቹን ያራርቃቸዋል፣ ሙጫው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መስተዋቱን ይለቃል። አክስቴ «ተዪው፣ ቡናሽን ጠጪ» ያለችው ለዚህ ነው። ሾልኮ ለመግባት ጊዜ ያስፈልገዋል። መፈተግ ሳይሆን መጠበቅ ነው ሥራው።

በሱፐርማርኬት የሚሸጡ ብዙ የስቲከር ማስለቀቂያዎች የብርቱካን ሽታ የሚሸቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሊሞኒን ይገባባቸዋል።

ልደት ቤት ፊኛ ካለ ይህን ሞክሩ። የብርቱካን ልጣጭ አጥፋችሁ ወደ ተነፋው ፊኛ ዘይቱን እርጩ። ብዙ ጊዜ ጷ! ብሎ ይፈነዳል። ፊኛው ከጎማ የተሠራ ስለሆነ ሊሞኒኑ የተለጠጠውን ጎማ አንድ ቦታ ላይ ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ውስጡ ያለው አየር ይጨርሰዋል። ዓይናችሁን ግን ጠብቁ፣ ከሰው ፊትም አርቁ።

ቤት ውስጥ ብርቱካን ከሌለ የምግብ ዘይትም ይሠራል። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ግን ቀስ ይላል፤ ቀብታችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተዉት። ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

• የልጣጭ ዘይትም ይነዳል። ሻማ ላይ ልጣጭ ጨምቆ ብልጭታ ያየ ልጅ ያውቀዋል። እሳት አጠገብ አይሆንም።

• ቤንዚን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ከሰል ያለበት ድረስ ይሄዳል። እኔ ያን ቀን የተረፍኩት በጥንቃቄዬ አይደለም፤ በአክስቴ ጩኸት ነው።

• ሊሞኒን አንዳንድ ፕላስቲኮችንም ያሟሟል። ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ሲነካው ይሟሽሻል። ፕላስቲክ ዕቃ ላይ ከመቀባታችሁ በፊት በማይታይ በኩል ሞክሩ።

ሁለት ፊት ያለው ሞለኪውል

ሙጫው ሄደ። አሁን ግን ጠርሙሱ ዘይት በዘይት ሆኗል። እዚህ ላይ ነው ሳሙና የሚመጣው። የሳሙና ሞለኪውል ረጅም ጅራትና አጭር ራስ አለው። ጅራቱ እንደ ዘይት ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ራሱ ግን ነጌቲቭ ስለሆነ ከውሃ ጋር ይስማማል። ጅራቱን ዘይቱ ውስጥ ይተክላል፣ ራሱን ወደ ውሃው ያዞራል፣ ዘይቱን ከብቦ ይዞት ይሄዳል። ሁለት ቋንቋ እንደሚችል ደላላ ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ሁለት ፊት ያላቸው ሞለኪውሎች ሀገራችን ውስጥ ከሳሙና ፋብሪካ በፊትም ነበሩ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባሉ እንዲህ ዓይነት ሞለኪውሎች ስላሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል ማደሪያ ናቸው። ይህ አስተውሎት ወደ ረጅም ምርምር አመራ፤ አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ልብስ የሚያጸዳ ነገር ቀንድ አውጣ ለምን ይገድላል? ሳፖኒን የህዋስን ሽፋን መብሳት ስለሚችል ነው። የህዋስ ሽፋንስ ከምን የተሠራ ነው? ከእንዲህ ዓይነት ሁለት ፊት ካላቸው ሞለኪውሎች! የእናንተም፣ የብርቱካኑም፣ የቀንድ አውጣውም እያንዳንዱ ህዋስ የተጠቀለለው ከሳሙና ጋር ዝምድና ባለው ስስ ሽፋን ነው።

ከጠርሙስ ወደ መጀመሪያው ህዋስ

ሕይወት ያለው ነገር ከሌለው የሚለይበት አንዱ ነገር «ውስጥ» እና «ውጭ» ያለው መሆኑ ነው። ግድግዳ ከሌለ፣ ጠቃሚ ሞለኪውሎች ቢፈጠሩም በውቅያኖስ ውስጥ ተበትነው ይቀራሉ። ታዲያ የመጀመሪያውን ግድግዳ ማን ገነባው?

መልሱ የሚገርም ነው። ገንቢ አያስፈልግም ነበር። «ተገፍቶ መሰብሰብ» ያልኳችሁን አስታውሱ። ጅራትና ራስ ያላቸው ሞለኪውሎች ተስማሚ ውሃ ውስጥ በበቂ መጠን ሲገኙ፣ ውሃው ጅራቶቹን ይገፋቸዋል። ጅራት ከጅራት ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ ራሶቹ በሁለቱም በኩል ወደ ውሃው ይዞራሉ። ይህ ድርብ ሽፋን ጠርዙ እንዳይጋለጥ ተጠቅልሎ ይዘጋል። የተገኘው ውስጡ ውሃ የቋጠረ፣ በዓይን የማይታይ ከረጢት ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ሙጫውን ውሃ እንዳያሟሟው ያደረገው ያው ሕግ ነው የሠራው።

ግን ሕይወት ሳይኖር እነዚህ ሞለኪውሎች ከየት መጡ? አንዱ ፍንጭ ከሰማይ ወርዷል። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1969 በአውስትራሊያ፣ መርቺሰን በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ሜትዮራይት ወደቀ። አሜሪካዊው ዴቪድ ዲመር እ.ኤ.አ. በ1985 ከዚህ ድንጋይ ያወጣቸው ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከረጢት እንደሚሠሩ አሳየ። ሕይወት ነክቶት የማያውቅ የጠፈር ድንጋይ የግድግዳ መሥሪያ ይዞ መጣ ማለት ነው።

አደራ፣ ከረጢት ማለት ሕይወት ማለት አይደለም። ባዶ ስልቻ እህል አይሆንም። ራሱን የሚገለብጥ ሞለኪውል፣ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ግን ስልቻ ከሌለ እህሉም ይፈሳል።

ሦስት ብርጭቆና አንድ ዳሎል

አሁን ቤታችሁ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ። የልብስ ደረቅ ሳሙና (ዱቄቱ ወይም የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ አይሆንም) ፍቃችሁ በሙቅ ውሃ አሟሙና በሦስት ብርጭቆ ቅዱት። የመጀመሪያውን ተዉት። ሁለተኛው ላይ ጨው፣ በርከት ያለ ማንኪያ፣ ጨምራችሁ አማስሉ። ሦስተኛው ላይ ሎሚ ጨምቁበት። ከዚያ ሁሉንም በማንኪያ ምቱ።

የመጀመሪያው አረፋ ይሠራል። ጨው የገባበት አረፋው ይሞታል፣ ሳሙናው እንደ እርጎ ተቆራርጦ ይንሳፈፋል። ሎሚ የገባበትም ይደፈርሳል፣ ነጭ ቅባት ነገር ይወጣዋል። ምክንያቱም ጨው የራሶቹን ነጌቲቭነት ይሸፍነዋል፤ አሲድ ደግሞ ያጠፋዋል። ራሱ ነጌቲቭነቱን ካጣ ደላላው አንድ ቋንቋ ብቻ የሚችል ሆነ። ተራ ዘይት ሆኖ ቁጭ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ህዋሳት ሽፋንም ከእንዲህ ዓይነት ቀላል የስብ አሲድ የተሠራ ከነበረ፣ ያው ችግር ገጥሞታል። ጨው ሲበዛ ወይም አሲድ ሲበዛ ከረጢቱ ይፈርሳል። የዛሬ ህዋሳት ሁለት ጅራት ያላቸው ጠንካራ ሞለኪውሎች ስላሏቸው የበለጠ ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሕይወት የጀመረው ጨዋማ ባህር ውስጥ ሳይሆን እንደ ፍልውሃ ባለ፣ እየደረቀ እየረጠበ በሚሄድ የየብስ ኩሬ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በውቅያኖስ ወለል ላይ ሙቅ ውሃ በሚወጣባቸው ቦታዎች ነው ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

የዚህ ክርክር ትልቁ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ደግሞ ከወሎ ተራሮች ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን፣ አፋር ውስጥ ነው፤ ዳሎል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብርጭቆ ቀላቅላችሁ ምድጃ ላይ ጣዱት። ያ ዳሎል ነው። ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የጨው ሜዳ ላይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ኩሬዎቹ በጨው የተሞሉ፣ ከሎሚ ጭማቂ እጅግ የበረታ አሲድ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፉ ናቸው።

እዚያ ሕይወት አለ? እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል ጨው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን ማግኘቱን ዘገበ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ በብዙ መንገድ ፈትሾ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ እንዳላገኘ አሳወቀ። ይህኛው ቡድን ካስጠነቀቃቸው ነገሮች አንዱ፣ በአጉሊ መነጽር ህዋስ የሚመስሉ ግን የማዕድን እንክብሎች የሆኑ ነገሮች መኖራቸው ነው። ነገ ማርስ ላይ ተመሳሳይ እንክብል ብናይ «አገኘን!» ብለን እንዳንጮኽ ትምህርት ነው። ፈሳሽ ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ቦታ በሀገራችን አለ።

የልጣጩ ሌላ ጥያቄ፦ ቀኝና ግራ

ወደ ሊሞኒን አንድ ጊዜ እንመለስ። ሊሞኒን ራሱ የሕይወት መነሻ አይደለም፤ ብርቱካን ተክሉ ነው የሚሠራው። ግን አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል።

የቀኝ እግር ጫማና የግራ እግር ጫማ አንድ ዓይነት ቆዳ፣ አንድ ዓይነት ክር አላቸው፤ ግን አይለዋወጡም። ሊሞኒንም እንዲሁ ቀኝና ግራ አለው። አቶሞቹ እኩል ናቸው፣ አቀማመጣቸው ግን በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገላበጠ ነው። የብርቱካን ልጣጭ የሚሠራው ከሞላ ጎደል የቀኙን ብቻ ነው። የግራው ሽታው ወደ ጥድ ያደላል። አፍንጫችሁ ሁለቱን የሚለየው እሱ ራሱ ከ«ባለ አንድ ጎን» ሞለኪውሎች ስለተሠራ ነው፤ ቀኝ እግር በጨለማም የቀኝ ጫማን ያውቃል።

እነዚህን የመስታወት መንትዮች መጀመሪያ የለየው ሉዊ ፓስተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1848። ከዚያ ወዲህ እንዳወቅነው የሁላችንም ፕሮቲን የተሠራው በግራ አሚኖ አሲዶች ነው፤ የዘር ቅንጣታችን ስኳር ደግሞ የቀኝ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ስታንሊ ሚለር የጥንቱን አየር ይመስላል የተባለ የጋዝ ቅልቅል ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አሳልፎ አሚኖ አሲድ ሲያገኝ፣ የተገኘው ቀኝና ግራ እኩል በእኩል ነበር። ያለ ሕይወት የሚሠራ ኬሚስትሪ በተለምዶ አያዳላም። ሕይወት ግን ታዳላለች። ማዳላቷ መቼና እንዴት ጀመረ? በመርቺሰን ሜትዮራይት ውስጥ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች በትንሹ ወደ ግራ ማድላታቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቧል። ፍንጭ ነው፤ መልስ ግን ገና ነው።

ታዲያ አወቃችሁት?

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት፤ በሦስተኛው ቡና ላይ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እናንተ የተማራችሁት፣ ሕይወት እንዴት እንደተጀመረ አወቃችሁት?» አለችኝ።

«አላወቅነውም።»

«ታዲያ ምን ስትሠሩ ትውላላችሁ?»

«ምን ሊሆን እንደሚችልና ምን ሊሆን እንደማይችል እንለያለን፣ እቴቴ። ግድግዳው ራሱን ሊሠራ እንደሚችል አውቀናል። ጨውና አሲድ እንደሚያፈርሰው አውቀናል። ውስጡ ምን ቀድሞ እንደገባ ነው የቀረን።»

ትንሽ አሰበችና ስድስተኛውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስታ አገላበጠችው። ሙጫ የለበትም። ግን ጣቷን ስታሳልፍበት አንሸራተታት።

«ዘይቱን አላጠብሽውም» አለች። «በርበሬዬን ሊያበላሽብኝ ነው። በሳሙና ድገሚው።»